ፋውንቴኑን ማን ያጥበዋል?

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። ድንጋይ መምረጥ የእኔ ሥራ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ማስተርሴን ውጭ አገር ጨርሼ ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤው አገር የመጣሁት የፓምፕና የመብራት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ለመጻፍ ነው። ከሠራኋቸው አንዱ በአንድ የመዝናኛ ፓርክ አደባባይ መሃል ያለ ፋውንቴን ነው። ሙዚቃ ሲከፈት ውሃው ይጨፍራል፣ ነፋስ ሲበረታ ሰው እንዳያረጥብ ዝቅ ይላል፣ ገንዳው ሲጎድል ቫልቩ ራሱ ተከፍቶ ይሞላዋል።

ድንጋዩ የተመረጠበት ስብሰባ ላይ ግን ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ናሙና ተደረደረ፦ ነጭ እብነ በረድ፣ በእሳት ተለብልቦ ፊቱ የሻከረ ግራጫ ግራናይት፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ጥቁር ግራናይት። ስክሪኑ ላይ በኮምፒውተር የተሠራ የማታ ምስል ነበር። መብራቱ ጥቁሩ ላይ ሲያንጸባርቅ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። ውሳኔው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ውሃው ምን ዓይነት ነው፣ ማንስ ያጸዳዋል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ጉዳዩ አይመለከተኝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ከተመረቀ ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ መዝገቡ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አየሁ። የመሙያው ቫልቭ ከሳምንት ሳምንት ቶሎ ቶሎ እየተከፈተ ነው። ወቅቱ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር በትነት ማሳበብ አይቻልም። ኮዴ ውስጥ ስህተት አለ ብዬ ሦስት ሳምንት ፈለግኩ፣ የውሃ መጠን መለኪያውንም አስቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ ሌሊት፣ ፓርኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ቦታው ድረስ ሄድኩ።

እዚያ ያገኘኋት ያገሬ ልጅ ናት። ተንበርክካ የገንዳውን ጠርዝ በብሩሽ ትፈትጋለች። የአሲዱ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። በአማርኛ ሰላም ስላት ደነገጠች።

“ምን ጠፍቶህ ነው በዚህ ሌሊት ወንድሜ?” አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች።

“ውሃው እኮ በመገጣጠሚያው ነው የሚሄደው። ና እይ!” ጣቷን በሁለት ድንጋዮች መሃል ሰደደችው። እስከ አንጓዋ ገባ። “ነጩ ነገር በየቀኑ ይጋገራል። ጥቁር ላይ ደግሞ ሁሉም ይታያል። አለቃዬ ጠዋት ነጭ ካየ ይቆጣል፣ ስለዚህ አሲድ አበዛበታለሁ። አሲዱ ድንጋዩን ምንም አላለውም፣ መሃል ያለውን ሲሚንቶ ግን በላው።” ከዚያ ቀና ብላ፣ “ይሄን ድንጋይ የመረጠውን ሰው አንድ ሌሊት ባገኘው ብሩሹን ነበር የምሰጠው” አለችኝ።

እዚያ ስብሰባ ላይ ነበርኩ ልላት ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

ነገሩ ሲፈታ የሃይስኩል ኬሚስትሪ ነው። ውሃ ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያው ነው። በሞቃት አገር ቀኑን ሙሉ አየር ላይ የሚረጭ ውሃ ደግሞ ብዙ ይተናል። እብነ በረዱን መርጠን ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር፤ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። የተሻለው ማንም ሁለቴ ያላየው ግራጫው ነበር። ቅርፊቱ እምብዛም አይታይበትም፣ ሕፃናት በእርጥብ እግራቸው ሲሮጡበትም አያንሸራትትም። መገጣጠሚያው በተራ ሲሚንቶ ፈንታ በኤፖክሲ ቢሞላ፣ ውሃውም ገንዳው ውስጥ ሳይገባ ማዕድኑ ቢቀነስለት፣ ያን ያህል አሲድም አያስፈልግም ነበር።

ብረቱም እንዲሁ ነው። ስቴንለስ ስቲል ሁሉ አንድ ይመስለናል። 304 የሚባለው ለወጥ ቤት ይበቃል፤ ክሎሪን በሚጨመርበት ውሃ ውስጥ ግን እየቆየ ይበሳሳል። 316 ሞሊብዲነም ስላለበት የተሻለ ይቋቋማል። ሲገዛ ይወደዳል፣ ሲተከል ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ማንኛውም ድንጋይ ቢሆን ተንከባካቢ ይፈልጋል። በ1762 የተጠናቀቀው የሮማው ትሬቪ ፋውንቴን የተሠራው በትራቨርቲን ነው፤ እሱም ከኖራ ድንጋይ ወገን ነው፣ ከግራናይት ይለሰልሳል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየው በየጊዜው ስለሚታደስ ነው። በ2014 ለእድሳት ተዘግቶ የተከፈተው በ2015 መጨረሻ ላይ ነበር። በእኛም አገር የጎንደሩ የፋሲል መዋኛ በአካባቢው ድንጋይና በኖራ ተገንብቶ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እስከዛሬ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ አይተኛበትም።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከአንድነት ፓርክ እስከ ወዳጅነት ፓርክ፣ ከዚያም በኮሪደር ልማቱ፣ አደባባይና ፋውንቴን እየጨመረች ነው። ሌሎች ከተሞችም እየተከተሉ ነው። ከመካከላችሁ አርክቴክት፣ ሲቪል ኢንጂነር፣ እንደ እኔ ኮድ ጸሐፊም አለ። አንዳችሁ ነገ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ያን ቀን የሚያምረውን ምስል ከማድነቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የዚህ ቦታ ውሃ ተመርምሯል ወይ? የስምጥ ሸለቆ ከተማ የጉድጓድ ውሃና የተራራ ምንጭ አንድ ድንጋይ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አይተዉም። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ገንዳው ከየት ይሞላል? በአምስተኛው ዓመትስ ማን፣ በምን ያጥበዋል?

“ሙያዬ አይደለም” አትበሉ። እኔ ብዬ አይቼዋለሁ። ለሦስት ሳምንት ኮዴ ውስጥ የፈለግኩት ስህተት እኔ ዝም ያልኩበት ስብሰባ ውስጥ ነበር።

ሪፖርቴ ላይ “ችግሩን ያገኘችው የሌሊት ጽዳት ሠራተኛዋ ናት” ብዬ ጻፍኩ። ሲታተም ያ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ ነበር። መገጣጠሚያው በኤፖክሲ ተሞላ፣ አሲዱም ቀነሰ። ድንጋዩ ግን ያው ጥቁር ነው፤ አሁንም በየሌሊቱ ይፈተጋል። በኋላ አግኝቻት ስብሰባው ላይ እንደነበርኩ ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝና ብሩሹን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም፣ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ።

ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ናሙናዎቹ በቦታው ውሃ እየረጠቡ አንድ ወር ፀሐይ ላይ እንዲቆዩ፣ ከዚያም የጽዳት ሠራተኞች አጥበዋቸው አስተያየት እንዲሰጡ ጠየቅኩ። ስብሰባው ላይ ሰው ተያየ። ናሙናዎቹ ግን አሁን ጣራው ላይ ናቸው።