«እሺ» ብላ ነበር

ባለፈው ሳምንት ቴሌግራሜ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። «እትዬ፣ ሽሮ ይጓጉልብኛል። ምን ላድርግ?» ይላል። አማርኛው ተሰባብሯል፤ ግን አማርኛ ነው። ላኪዋ ዛሬ 26 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ስንተዋወቅ 11 ዓመቷ ነበር። ከ6 ዓመት ወንድሟ ጋር በጉዲፈቻ የሄደች ልጅ ናት።

እኔ ያኔ እዚያው ተማሪ ነበርኩ። አሳዳጊዎቹ ሦስት ልጆች የወለዱ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ፕሮቴስታንት ባልና ሚስት ናቸው። በዚያ ሰሞን በብዙ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ማሳደግ ትልቅ ስብከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2 ሺሕ 500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ቤተሰቡ አስተርጓሚ ሲፈልግ አንዲት ጓደኛዬ እኔን ጠቆመች።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ እናትየው «ይህ ለዘላለም ቤትሽ ነው በያት» አለችኝ። አልኳት። ልጅቷ አቀርቅራ «እሺ» አለች። ቤቱ በሙሉ ደስ አለው፤ እናትየው አለቀሰች። በኋላ መኝታ ቤት ሳስገባት ግን እጄን ይዛ፣ «እትዬ፣ ትምህርቱ ስንት ዓመት ነው? እማዬ ጋ መቼ ነው የምንመለሰው?» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ደርቄ ቀረሁ። አሳዳጊዎቹ በተሰጣቸው ወረቀት ላይ እናቲቱ ሞታለች ነው የሚለው። ያን ጥያቄ ለማንም አልተረጎምኩትም። የሰዎቹን ደስታ ማደፍረስ ፈራሁ። ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ቀጣዮቹ ወራት ከባድ ነበሩ። እናትየው ስትቆጣት ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዐይን ዐይኑን ማየት ድፍረት ነው፤ እዚያ ደግሞ አለማየት ንቀት ይመስላል። ትንሹ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ሲል አስም መስሏት ሐኪም ጋ ወሰደችው። ይሄ ያስቃል። የዓርቡ ግን አላሳቀንም። ልጅቷ ኦርቶዶክስ ናት፤ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አትነካም። እናትየው ደግሞ «ምግቤን ጠላችው» ብላ ትከፋለች። ሁለቱም ክርስቲያን፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ፣ ሳይግባቡ ከረሙ።

ከሁሉም የከበደው የወንድሟ ነገር ነበር። እናትየው ልታጥበው፣ ልታስተኛው ስትል እህት መሐል ትገባለች። «እልኸኛ ናት» አሉ። እልኸኛ አልነበረችም። አገር ቤት እናቷ የቀን ሥራ ስትውል አጥባ፣ አብልታ፣ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አዲሷ እናት «ልጅ ናት፣ ትረፍ» ብላ የወሰደችባት፣ የቀራትን አንድ ነገር ነበር።

በአራተኛው ወር ተናገርኩ። ወጥ ቤት ተቀምጠን የመጀመሪያውን ምሽት ጥያቄ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የእናቷን ስም ጠይቂልኝ» አለች። ልጅቷ ስሙን ስትናገር ቀና ብላ አየቻት። እንደዚያ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤቱም ተለወጠ። ዓርብ ማታ ለሁሉም ምስርና ሩዝ ሆነ። ትንሹን ማጠብ የእናት፣ ማስተኛት የእህት ሆነ። ከዓመት በላይ ፈጅቶ፣ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ፎቶ ሰጥተን ወላጅ እናታቸው ተገኘች። በጎረቤት ስልክ ተገናኙ። እሷ «ተምረው ይመለሳሉ ብለውኝ ነው» አለች፤ አሜሪካዊቷ «ለእኔ የነገሩኝ ሌላ ነው» አለች። ሁለቱንም የተረጎምኩት እያለቀስኩ ነው።

ችግሩ የሁለቱ ሴቶች ብቻ አልነበረም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ ዘመድ ማብዛት እንጂ ዘመድ መቁረጥ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕጋችንም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር ይቀጥላል ይላል። በአሜሪካ ሕግ ግን የቀድሞው ዝምድና ያበቃል። አንድ ቃል፣ ሁለት የተለያየ ተስፋ።

ሁሉም ቤት እንደዚህኛው አልታደለም። በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የወሰዷትን ታዳጊ በጭካኔ ለሞት የዳረጉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርዶባቸዋል። ጉዳዩ እዚህም ብዙ አነጋገረ። በጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን የሚከለክል ማሻሻያ አጸደቀ። በሩ ተዘጋ፤ ቀድመው የሄዱት ልጆች ግን አድገዋል፣ ስልክም ይዘዋል።

ስለዚህ አንድ ቀን በተሰባበረ አማርኛ «እናቴን ፈልጉልኝ» የሚል ወጣት ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ቢመጣ፣ በአማርኛው አትሳቁ። ብታውቁ ጠቁሙት፣ ባታውቁ ለሚያውቅ ላኩለት። እኔ አንዴ ዝም ብዬ የልጅን አራት ወር አቃጥያለሁ።

ለሽሮው ወዲያው መለስኩላት፦ «ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪው፣ ከዚያ ቁሌቱ ላይ ጨምረሽ ቶሎ ቶሎ አማስዪ።»

«እሺ» አለች። ከኋላዋ የእናትየው ድምፅ ይሰማል፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር።