ሮኬትም እህልም የጫነው ካውንት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ «አሮጌው ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው፣ ቦሌ ሳይከፈት አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው ከልደታው ሜዳ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባን ከአየር ካወቁ የውጭ አብራሪዎች ሁሉ እንደ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን አነጋጋሪ የሆነ አይገኝም።

በ1901 ዓ.ም. ከመኳንንት ቤት ተወለደ። አክስቱ ካሪን በኋላ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ የሆነውን ሄርማን ጎሪንግን አግብታ ነበር። የእሱ መንገድ ግን ሌላ ሆነ፤ ጣሊያን ሲወረን ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥቶ በአውሮፕላን ቁስለኛና መድኃኒት አመላለሰ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። በ1932 ዓ.ም. ፊንላንድ በሶቪየት ስትወረር ቮን ሮዘን በዚህ ጊዜ ያለ ቦምብ አልሄደም፤ የመንገደኛ ዲሲ-2 አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት ተለውጦለት ዘመተ።

ከነጻነት በኋላ ተመልሶ እስከ 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ። ደብረ ዘይት የሳብ አውሮፕላኖችና የስዊድን አሠልጣኞች መዲና ሆነች። በ1939 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ሳብ ሳፊር ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በ31 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ በረረ።

ስሙን ዓለም ያወቀው ግን ከናይጄሪያ በተገነጠለችው ቢያፍራ ነው። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ እየበረረ የናይጄሪያን ከበባ ጥሶ እርዳታ አስገባ። ግንቦት 1961 ዓ.ም. ደግሞ ሮኬት በታጠቁ አምስት ትንንሽ ኤምኤፍአይ-9 አውሮፕላኖች የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች አጠቃ። የሚገርመው፣ የቀድሞ ጌታው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያን ጊዜ ስለ ናይጄሪያ አንድነት የሚሸመግለውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት ይመሩ ነበር። ለናይጄሪያውያን ቅጥረኛ፣ ለቢያፍራውያን ጀግና ነው፤ እኔ ሁለቱንም ስም ለመስጠት እቸገራለሁ። የተራበ ሕዝብን በእህል ብቻ ማዳን አይቻልም ብሎ ማመኑ ግን ከመልካ ዲዳ ዘመን ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

በ1966ቱ ረሃብ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ፣ ከዚያው ከኤምኤፍአይ ዘር የወጡ ትንንሽ አውሮፕላኖችን አሰማራ። ቢያፍራ ላይ ሮኬት በተሰቀለበት ክንፍ ሥር አሁን የእህል ጆንያ ተንጠለጠለ፤ መኪና በማይገባበት ተራራ ላይ አብራሪው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ይጥለዋል።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ለእርዳታ ሥራ ጎዴ ሄዶ ሳለ፣ በኦጋዴኑ ጦርነት ከሶማሊያ ወገን በተሰነዘረ ጥቃት ተገደለ። ዕድሜው 67 ነበር፤ የሞተውም በአየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው።