እንዲነካካ የተሠራ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ባለበት ቤት አንድ ትእዛዝ አይጠፋም፤ «አትነካካው!» የአባት የሥራ ፋይል አለበት፣ የእናት ፎቶ አለበት፣ ቢበላሽ ደግሞ ጥገናው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ልጁ በኮምፒውተር ይጠቀማል እንጂ ኮምፒውተርን አያውቀውም። ራዝቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር የተሠራው ግን ሊነካካ፣ ሊሞካከር፣ ቢበላሽም ያለ ጭቅጭቅ እንደገና ሊጀመር ነው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በእንግሊዟ ካምብሪጅ ከተማ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኢበን አፕተን እና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥራቸውም የፕሮግራም ችሎታቸውም እየቀነሰ መምጣቱን ታዘቡ። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ያደገው በ1981 በወጣው ቢቢሲ ማይክሮ እና በመሰሎቹ ነበር። እነዚያ ማሽኖች እንደበሩ ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ እንዲጻፍላቸው ይጠብቃሉ፤ ጌም ለመጫወት የፈለገ ልጅ እንኳ ጥቂት ትእዛዝ ማወቅ ነበረበት። በኋላ የመጡት ኮምፒውተሮችና የጌም ማሽኖች ግን ውስጣቸውን አያሳዩም። አፕተንና ጓደኞቹ በ2009 የራዝቤሪ ፓይ ፋውንዴሽንን በበጎ አድራጎት ድርጅትነት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፓይ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 በ35 ዶላር ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው ከመብዛቱ የተነሳ የሻጮቹ ድረ ገጾች ተጨናንቀው ቆሙ።

ዕቃው ሲታይ የኤቲኤም ካርድ የሚያህል አረንጓዴ ቦርድ ነው፤ ቁመቱ 85፣ ወርዱ 56 ሚሊሜትር ነው። ሽፋን የለውም፤ ስክሪን፣ ኪቦርድና ሃርድ ዲስክም የሉትም። መሐሉ ላይ የተቀመጠው ፕሮሰሰር ከስልኮቻችን ፕሮሰሰር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በጎኖቹ የዩኤስቢ፣ የኔትወርክ ገመድና የስክሪን መሰኪያዎች አሉት። ከሁሉ የሚለየው ደግሞ በአንድ ጠርዙ የተደረደሩት 40 ፒኖች ናቸው፤ መብራት፣ ሞተርና የሙቀት መለኪያ የሚገናኙት በእነሱ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ሆነ የባለቤቱ ፋይል የሚቀመጠው በስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። የድፍረቱ ምንጭ ይህ ነው። ጀማሪው ትእዛዝ ተሳስቶ ሲስተሙን ቢያፈርሰው፣ ካርዱን አውጥቶ እንደ አዲስ ይጽፍበታል፤ ቦርዱ ምንም አይሆንም።

ሞዴል መምረጥ ብዙ ሰው ያደናግራል። በ2019 የወጣው ፓይ 4 ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። በ2023 የወጣው ፓይ 5 በጣም ይፈጥናል፤ ግን ጠንከር ያለ ቻርጀርና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ዜሮ 2 ደብሊው በ15 ዶላር የወጣ ትንሽዬ ሞዴል ሲሆን ፒኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳይበየዱ ይመጣሉ። ፓይ 400 ኪቦርድ ውስጥ ገብቶ የተሠራ በመሆኑ ለልጆች ይመቻል። ፒኮ የሚባለው የ4 ዶላር ቦርድ ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ዕቃ ነው፤ አንድ የተጫነለትን ፕሮግራም ብቻ የሚያስኬድ እንጂ ስክሪን ተሰክቶለት እንደ ኮምፒውተር የሚሠራ አይደለም። እነዚህ ዋጋዎች ሞዴሎቹ ሲወጡ የተቆረጡ ናቸው፤ አገር ቤት እስኪደርሱ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርባቸዋል።

የጀማሪ ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ከቦርዱ ሳይሆን ከቻርጀሩና ከካርዱ ነው። ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልትና 3 አምፒር ነው። ቤት ውስጥ የተገኘው የስልክ ቻርጀር ቢሰካም ይበራ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥራ ሲበዛበት ይንቀራፈፋል፣ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። በስክሪኑ ጥግ የመብረቅ ምልክት ብቅ ካለ ኃይል አንሶታል ማለት ነው፤ ጥፋቱ የቀጭን ኬብልም ሊሆን ይችላል። ካርዱም ኦሪጅናል መሆን አለበት፤ ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት ከዚያ እጅግ ያነሰ የሚይዝ ፎርጅድ ካርድ ገበያ ላይ አለ። 32 ጊጋባይት የሚይዝ እውነተኛ ካርድ ይበልጠዋል።

አጀማመሩ ከባድ አይደለም። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ራዝቤሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ይጫኑ። ሦስት ነገር ይጠይቅዎታል፦ የትኛው ሞዴል፣ የትኛው ሲስተም፣ የትኛው ካርድ። ለሲስተሙ ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስን ይምረጡ፤ ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው። ካርዱ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ፎቶ ካለበት አስቀድመው ይገልብጡት። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እንዲሁም የቤትዎን ዋይፋይ እዚያው ያስገቡ። የቆዩ መመሪያዎች «ስሙ ፓይ፣ የይለፍ ቃሉ ራዝቤሪ ነው» ይላሉ፤ ያ ለደኅንነት ሲባል በ2022 ስለቀረ አይድከሙ።

ካርዱን ከቦርዱ ሥር ያስገቡ፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ይሰኩ፣ ቻርጀሩን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። በፓይ 4 ላይ ቀዩ መብራት ኃይል መግባቱን፣ ብልጭ ድርግም የሚለው አረንጓዴ ካርዱ እየተነበበ መሆኑን ይናገራል። አረንጓዴው ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ካርዱን ይጠርጥሩ። እየተንቀሳቀሰ ስክሪኑ ከጨለመ ደግሞ ኬብሉን ከቻርጀሩ አጠገብ ወዳለው የስክሪን መሰኪያ ያዛውሩት። ትርፍ ስክሪን የሌለው ሰው ኤስኤስኤች የሚባለውን አገልግሎት ኢሜጀር ላይ አስቀድሞ ከፈቀደ፣ ከላፕቶፑ ሆኖ በዋይፋይ ሊያዝዘው ይችላል። የመጀመሪያው ሥራ ሲስተሙን ማደስ ነው፤ ብዙ ዳታ ስለሚበላ በሞባይል ፓኬጅ ባይሞከር ይመረጣል። አማርኛ ለመጻፍ የሚያስፈልጉት የግዕዝ ፎንትና የኪቦርድ ሶፍትዌርም ከዴቢያን ማከማቻ በነፃ ይወርዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ርካሽ ኮምፒውተር ነው። ከላፕቶፕ የሚለየው ፒኖቹ ሲነኩ ነው። አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ አንድ የ330 ኦም ሬዚስተርና ጥቂት ሽቦ ያዘጋጁ። ቦርዱን ያጥፉ። ከሁለቱ የፒን ረድፎች ወደ ውስጥ ባለው ላይ፣ ከሚሞሪ ካርዱ በኩል ሲቆጠር አምስተኛው ፒን ግራውንድ ነው፤ ቁጥሩ 9 ነው። ስድስተኛው ፒን፣ ማለትም ቁጥር 11፣ በፕሮግራም ውስጥ ጂፒአይኦ 17 ተብሎ ይጠራል። የአምፖሏን ረጅም እግር በሬዚስተሩ በኩል ከ11፣ አጭሩን ከ9 ጋር ያገናኙ። ከዚያ ያብሩትና ቶኒ በሚባለው፣ የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ መጻፊያ ላይ ሦስት አራት መስመር ይጻፉ፤ አምፖሏ ብልጭ ድርግም ትላለች። ፍጥነቷን የሚወስነው ቁጥር ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ሲቀይሩት እሷም ትቀየራለች። ልጅ የጻፈው ነገር ከስክሪን ወጥቶ ዕቃ ሲያንቀሳቅስ የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው፤ በካርድ የማይጠገን ጥፋት ያለው በፒኖቹ ላይ ነውና። ፒኖቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። በውጭኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለቱ ፒኖች ግን 5 ቮልት ይሰጣሉ፤ ከእነሱ የወጣ ሽቦ ሌላ ፒን ከነካ ፕሮሰሰሩ ሊቃጠል ይችላል። ሽቦ ሲቀይሩ ሁልጊዜ ቦርዱ ይጥፋ።

በእኛ አገር ሌላው ጠላት የመብራት መጥፋት ነው። ካርዱ እየተጻፈበት ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ፓይ 4 ማጥፊያ ቁልፍ እንኳ ስለሌለው በትእዛዝ ወይም ከሜኑው መዘጋት አለበት፤ ሌት ተቀን የሚሠራ ከሆነ በዩፒኤስ መደገፉ ይበጃል። ሰዓቱን የሚጠብቅለት ባትሪም የለውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ካላገኘ ሰዓቱ ይሳሳታል፤ የሙቀት መጠን በየሰዓቱ የሚመዘግብ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከአምፖሏ በኋላ ምን ይሠራበት? ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ካርድ ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት ለአንድ ክፍል ተማሪዎች በዋይፋይ ያድላል፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይገባል። የአፈር እርጥበት የሚለካ፣ በቤቱ ኢንተርኔት የሚመጣውን ማስታወቂያ የሚያግድ፣ በር ሲከፈት ፎቶ የሚያነሳም ይደረጋል። በ2015 ሁለት ፓይዎች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልከው ተማሪዎች የጻፉት ፕሮግራም ተሞክሮባቸዋል። አንዱን ሥራ መርጦ እስከ መጨረሻው መግፋት ግን ሁሉንም ከመጀማመር ይሻላል፤ ሥራ ያልተሰጠው ፓይ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ሲገዙ ሚሞሪ ካርዱን ሁለት ያድርጉት። አንዱ ሥራ የያዘ ይሁን፣ ሌላው ለልጆቹ ይተው። የእነሱን ካርድ ምን እንዳደረጉት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሲፈርስ ከኢሜጀሩ ፊት ያስቀምጧቸውና ራሳቸው እንደገና ይጻፉት።