የየቲሙ ጠበቃ፣ ዋጋው በማን ላይ ነው?

በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን እያለ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነው።

በሐረር፣ በአቦከርም ሆነ በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች፣ የሰው ልጅ ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ ፈልጎ ማጣት የለም። አንዱ ልጅ ወላጆቹ ሞተውበት ከገጠር ይመጣል፤ ሌላው በጅጅጋ በኩል ከስደት ይመጣል። ከቤቱ ልጆች ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ቁርኣን ይቀራል፤ ትምህርት ቤት ይገባል። ይህ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የየቲም አሳዳጊ በጀነት ከእርሳቸው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ሲያስረዱ ሁለት ጣቶቻቸውን አሳይተዋል።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ ወደ 18 ዓመት ሲጠጋ ነው። መታወቂያ ሲጠይቅ የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ ይባላል። የአባቱን ውርስ ሲፈልግ ሞግዚትህ ማን ነበር ይባላል። ከውጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ የየት አገር ሰው ነህ ይባላል። አሳዳጊዎቹ በፍቅር አሳደጉት እንጂ በፍርድ ቤት አልተሾሙምና መልስ የላቸውም። ጠበቃ ለማቆም ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ታዲያ የእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የጠበቃ ዋጋ በማን ላይ ነው?

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ የየቲሞች ገንዘብ ለአካለ መጠን ሲደርሱ እንዲሰጣቸው፣ ሲሰጥም ምስክር እንዲቆም አዟል። ልብ እንበል፤ የየቲሙ ሐቅ ለአሳዳጊው ደግነት ብቻ አልተተወም፤ ምስክር ተጠይቆበታል። በሱረቱል አሕዛብ ደግሞ የምናሳድጋቸውን ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራ ታዘናል። ስለዚህ «ወረቀቱ ይቅለልልኝ» ብሎ ልጁን በራስ ስም እንደ ወለዱት ማስመዝገብ ነሰብን ማጥፋት ነው፤ ውርስንም ያበላሻል።

ወሊይ ለሌለው ሰው ወሊዩ ገዢው እንደሆነም በሐዲስ ተነግሮናል። ይህ የተነገረው ስለ ኒካሕ ቢሆንም ፉቀሃዎች ጠባቂ ለሌለው የቲምም መሠረት አድርገውታል። መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛም፣ ኢብኑ ሰቢል፣ ዘካ ከሚገባቸው ከስምንቱ ወገኖች አንዱ ነው። እንግዲህ ከአገሩ ርቆ በሰው ቤት የሚያድግ ልጅ መብቱን የሚያስከብርለት ሰው ከሕዝብ ገንዘብ ቢከፈልለት ምጽዋት ሳይሆን ሐቁ ነው።

የአገራችን ሕግስ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም እንዲቀድም፣ ወላጅ አልባ ልጆችም ልዩ ጥበቃ እንዲያገኙ ይደነግጋል። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያቆመው አንቀጽ 20 ግን የሚናገረው በወንጀል ስለተከሰሰ ሰው ነው። የውርስ፣ የሞግዚትነት ወይም የልደት ወረቀት ጉዳይ ያለበት የቲም ከዚህ ውጭ ይቀራል።

ክፍተቱን በከፊል የሚሸፍኑ አሉ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ በምሥራቁ አካባቢ ለድሆች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ደንብም እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። የልደት ምዝገባን በተመለከተ በ2009 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ስደተኞችንም እንዲያካትት ተደርጓል።

ከአገር የወጡት ልጆቻችን

ከምሥራቁ ምድር ብዙ ወጣት በጅቡቲና በየመን በኩል ይሰደዳል፤ አውሮፓና አሜሪካ የሚደርስም አለ። ያለ ወላጅ የደረሰ ታዳጊ በመንግሥት አደራ ሥር ሆኖ በማያውቀው ቤተሰብ ዘንድ ሊቀመጥ ይችላል። አልጋና ትምህርት ያገኛል። የመኖሪያ ፈቃድ ግን የሚገኘው በክርክር ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ወላጅ የተወው ወይም የበደለው ስደተኛ ልጅ መኖሪያ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቷል። መጀመሪያ የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ስለ ልጁ አደራ መወሰን አለበት፤ ማመልከቻውም 21 ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት። ብዙ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከ18 ዓመት በኋላ ጉዳዩን አያዩም። የሚነግረው ጠበቃ ያጣ ልጅ ቀኑ ያልፍበታል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም፤ ሕፃን ብቻውን ዳኛ ፊት የሚቆምበት ጊዜ አለ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መንግሥት ለ26,000 ያህል ልጆች ጠበቆች የሚከፈለውን ገንዘብ አቋረጠ፤ ከቀናት በኋላ አንዲት ዳኛ ክፍያው ለጊዜው እንዲቀጥል አዘዙ።

በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2013 ለብዙ የኢሚግሬሽን ጉዳዮች የነበረው የመንግሥት የጠበቃ ድጎማ ተነሣ። ልጆችን የሚረዱ ሰዎች ለዓመታት ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ2019 ወላጅ አብሯቸው ለሌለ ልጆች ተመለሰ። በአንድ ፊርማ የሚነሳ መብት፣ ሰው ከቆመለት ሊመለስ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የሰው ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቻችን፣ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ዛሬውኑ ተነሡ። የልደት ምስክር ወረቀቱን በአባቱ ስም አውጡ። ሞግዚትነቱን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም በመደበኛው ፍርድ ቤት አጽድቁ። ገንዘብ ካለው በምስክር ፊት መዝግቡ። በየአፎቻችሁም ተነጋገሩ፤ ለሐዘንና ለሠርግ የምናዋጣ ሰዎች ለአንድ የቲም የፍርድ ቤት ወጪ ማዋጣት አያቅተንም። በውጭ ያላችሁም፣ በመስጂዳችሁ ብቻውን የሚሰግድ ታዳጊ ስታዩ ሰላም ብላችሁ አትለፉ፤ «ጠበቃ አለህ ወይ? ቀነ ገደብህ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ግን መንግሥትን ከግዴታው አያወጣውም። ልዩ ጥበቃ የተጻፈለት ልጅ የሚናገርለት ሰው ከሌለው ጥበቃው ወረቀት ላይ ይቀራልና፣ ይህን ለሕግ አውጪዎቻችን ማሳሰብም ከአደራው አንዱ ክፍል ነው።

አላህ አደራን ከሚወጡት ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።