ለዘበኛው የራሱ ስንቅ

መኪናዬ የ2012 ስሪት ቶዮታ ፕሪየስ ናት። የምታድረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ከምንኖርበት አፓርታማ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ማቆሚያ ነው። በቀን አሥር ሰዓት ያህል ተሳፋሪ እያመላለስኩባት እውላለሁ፤ የቀረውን አሥራ አራት ሰዓት ቆማ ነው የምታሳልፈው። ካሜራ ስገዛላት ግን ያሰብኩት መንገድ ላይ ያለውን አሥር ሰዓት ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ወጥቼ ሳያት በሾፌሩ በኩል ያለው በር ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ስፖኪዮው በሽቦው ተንጠልጥሏል። መስታወቱ ላይ ወረቀት የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ። ወዲያው የካሜራውን ካርድ አውጥቼ አየሁት። የመጨረሻው ምስል ማታ 3 ሰዓት ላይ እኔው ራሴ መኪናዋን ሳቆም የሚያሳይ ነው። ካሜራው ኃይል የሚያገኘው ከሲጋራ ማቀጣጠያው ስለነበር መኪናዋን ሳጠፋ አብሮ ጠፍቷል። ኢንሹራንሱ የቀረውን እንዲሸፍን የመጀመሪያውን 500 ዶላር ከኪሴ መክፈል ነበረብኝ። ገንዘቡ ቆረቆረኝ። የባሰ የከነከነኝ ግን ለዚሁ ብዬ የገዛሁት ዓይን እዚያው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ምንም ሳያይ ማደሩ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ አዳማ ውስጥ ስምንት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪሻን ነበርኩ። ስለዚህ ሌላ ሰው ጋ ሳልሄድ ካሜራውን ራሴ ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር አገናኘሁት። ሥራው ሦስት ሽቦ ነው፦ አንዱ ሁልጊዜ ኃይል ካለበት ፊውዝ፣ አንዱ መኪናው ሲነሳ ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ፣ ሦስተኛው ማሳ (ግራውንድ)። በመካከል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ የባትሪው ቮልት ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ካሜራውን ታቋርጣለች። ልኩን የሚመርጠው ባለመኪናው ነው። እኔ ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራልኝ ስለፈለግኩ ዝቅተኛውን፣ 11.8 ቮልትን መረጥኩ።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የመኪና ባትሪ ተሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ሲደርስ ግማሹ ሄዷል፤ 11.8 ላይ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የመኪና ባትሪ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። ውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስ ናቸው፤ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ የሚያዞር ትልቅ ጉልበት በአንድ ጊዜ ሰጥተው ወዲያው ከዲናሞው መልሰው እንዲሞሉ ነው የታሰቡት። ቀስ በቀስ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠቡ ፕሌቶቹ ላይ የሰልፌት ጠጠር ይጋገራል፣ ሲቆይም ይጠነክርና ቻርጅ አይቀበልም። ጋራዣችን መብራት ወይም ራዲዮ ሳያጠፉ ያደሩ ሰዎች ባትሪ ተሸክመው ይመጡ ነበር። የመጀመሪያውን ጊዜ ቻርጅ አድርገን እንመልስላቸዋለን፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። በሦስተኛው ብዙውን ጊዜ አዲስ ግዙ ነበር የምንላቸው።

ያ ሁሉ እውቀት በገና ሰሞን ፊቴ ቆመ። ከዋዜማው ጠዋት 1 ሰዓት ጀምሮ መኪናዋን አላነሳኋትም፤ ቤተ ክርስቲያንም የሄድነው በወንድሜ መኪና ነው። በበዓሉ ማግስት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንዲት ተሳፋሪ ደለስ አየር ማረፊያ ላደርሳት ቀጥራኝ ነበር። የመኪናዋን በር በሪሞቱ ብሞክር ዝም አለኝ። ሪሞቱ ውስጥ ከተደበቀችው የብረት ቁልፍ ጋር ታግዬ ገባሁ፤ መብራቶቹ ብልጭ ብለው ጠፉ። ፕሪየስ ሞተሪኖ የላትም፤ ሞተሩን የሚያዞረው ትልቁ የሃይብሪድ ባትሪ ነው። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ግን ኮምፒዩተሩን ካልቀሰቀሰችው ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም አይጠቅምም። በዚህ ስሪት ትንሿ ባትሪ ያለችው ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ የመጫኛው በር ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። የማስነሻ ገመዴ ያለው እዚያው የማይከፈተው በር ውስጥ ነበር። በኋላው ወንበር ላይ ተስቤ ገመዱን አወጣሁ፣ ጎረቤት ቀሰቀስኩ፣ ከፊት ኮፈኑ ሥር ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ካለችው የማስነሻ ጫፍ ጋር አገናኝተን አስነሳናት። ሴትዮዋ በሌላ መኪና ሄዳለች።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የፊትና የኋላ ካሜራዬ ቆሞ ሲቀዳ ወደ 5 ዋት ይበላል። አርባ አምስት ሰዓት በ5 ዋት 225 ዋት-ሰዓት ነው። የፕሪየሷ ባትሪ አዲስ ሳለ 45 አምፔር-ሰዓት ገደማ ትይዛለች፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 540 ዋት-ሰዓት። ከዚያ ውስጥ ሳይጎዳት የሚወሰደው ግማሹ ነው። የእኔዋ ደግሞ አርጅታለች፣ ብርዱ አቅሟን ቀንሶታል፣ የመኪናዋ ማንቂያና የቁልፍ መቀበያም ቆማም ትንሽ ትንሽ ይጠባሉ። ወትሮም አይበቃም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ለካሜራው ራሱን የቻለ ባትሪ የገዛሁት። አገር ቤት ቅጥር ግቢ የሚጠብቅ ዘበኛ የራሱን ስንቅ ይዞ ይመጣል እንጂ ለጠዋት ቁርስ የተቀመጠውን አይበላም። ይህ ባትሪም የካሜራው ስንቅ ነው። መጠኑ ከወፍራም መጽሐፍ አይበልጥም፤ በመኪናውና በካሜራው መካከል ይገባል። መኪናው ሲነሳ ከመኪናው ይሞላል፣ ሲጠፋ ካሜራውን የሚመግበው እሱ ብቻ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ካሜራው ይጠፋል፤ መኪናው ግን ይነሳል። በዚህ ዕቃ በብዛት የሚታወቁት የደቡብ ኮሪያ ሥራዎች ናቸው፤ ብላክቭዩ፣ ቲንክዌርና ሴሊንክ የሚሉ ስሞችን ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ ከ200 እስከ 400 ዶላር ያወጣሉ። ርካሽ አይደለም፤ እኔም በአንድ ጊዜ አልገዛሁትም፣ ከሁለት ሳምንት ገቢ ቆጥቤ ነው።

ገዢውን የሚያሳስተው ቁጥር አለ። የስልክ ፓወር ባንክ «20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት» ይላል፤ የካሜራ ባትሪው ደግሞ «6,000» ብቻ ይላል፣ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ይህን አይቶ «ተታለልክ» አለኝ። አልተታለልኩም። የፓወር ባንኩ ቁጥር የሚለካው በ3.7 ቮልት ነው፤ ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የእኔው በ12.8 ቮልት ስለሆነ 6,000ው 76.8 ዋት-ሰዓት ነው፣ እኩያ ናቸው ማለት ነው። ስትገዙ ዋት-ሰዓቱን ጠይቁ፤ በካሜራችሁ ዋት አካፍሉት፣ የሚያድርበትን ሰዓት ይሰጣችኋል። የእኔው በወረቀት 15 ሰዓት ነው፤ በተግባር 13 ገደማ ያደርሰኛል።

ታዲያ እኩል ከሆኑ ለምን ርካሹን አልገዛም? ውስጣቸው ስለሚለያይ ነው። አብዛኛው ፓወር ባንክ ኮባልት ካለበት የሊቲየም ቤተሰብ ነው፤ ለመኪና ካሜራ የሚሸጡት ጥሩዎቹ ባትሪዎች ደግሞ ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም መንገድ የሚመራው ወደ አንድ ሰው ነው፤ ወደ ጆን ጉድኢነፍ። በ1980 ኦክስፎርድ ሳለ የኮባልቱን አስገኘ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተማሪዎቹና ከባልደረቦቹ ጋር የብረት ፎስፌቱን። በ2019 በ97 ዓመቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ፣ በ2023 መቶ ዓመት ሞልቶት አረፈ። የብረት ፎስፌቱ ለተመሳሳይ ጉልበት ከብዶና ገዝፎ ይገኛል፤ በምትኩ ሙቀትን በጣም የተሻለ ይችላል፣ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል። የዋሽንግተን ሐምሌ ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ50 ያልፋል፤ ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ያ ወጣት ፓወር ባንኩን መስታወቱ ሥር አስቀምጦት ነበር። በነሐሴ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አገኘው። እንዳይነካው፣ እንዳይወጋው፣ መልሶም እንዳይሞላው ለምኜው የከተማው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ድረስ አብሬው ሄድኩ።

ብርዱስ? ፎስፌቱም ድክመት አለው። ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ከተሞላ ሊቲየሙ አሉታዊው ኤሌክትሮድ ውስጥ ገብቶ በመቀመጥ ፈንታ ላዩ ላይ እንደ ቅብ ይለጠፋል፣ ባትሪውም በዚያው ይጎዳል። ጥሩው ዕቃ ይህን የሚከለክል መቆጣጠሪያ በውስጡ አለው። በጥር ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ የመሙያው መብራት ወዲያው አይበራም፤ ማሞቂያው ሠርቶ ወለሉ ሲሞቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። የእኔው ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው ያለው፣ ከፀሐይ የራቀ፣ ከማሞቂያው አየር የማይርቅ። ሞተሩ ዘንድ ፈጽሞ አይቀመጥም።

ለሁሉም ሰው ግዙ አልልም። የሚሞላበት ፍጥነት ወሳኝ ነው። በሲጋራ ማቀጣጠያው በኩል ሲሞላ 5 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ባዶው ለመሙላት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈልጋል። በቀጥታ ከፊውዝ ሳጥኑ ወፍራም ሽቦ ከተሳበለት 9 አምፔር የሚወስድ አለ፣ አርባ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስለምነዳ ሁልጊዜ ጢም ብሎ ይሞላል። ባለቤቴ ግን ሥራዋ አሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በ5 አምፔር አሥራ አምስት ደቂቃ ማለት የሦስት ሰዓት ያህል ስንቅ ነው፤ ቀሪውን ሰዓት ካሜራው ይተኛል። ለእሷ አልገዛሁላትም። ግጭት ሲሰማው ብቻ የሚነቃ ካሜራ አስገባሁላት፤ እሱ የሚበላው ትንሽ ስለሆነ በ12.4 ቮልት በሚቋረጥ ሳጥን ከመኪናዋ ባትሪ ይኖራል። ጉድለቱን ነግሬያታለሁ፦ ነቅቶ መቅዳት እስኪጀምር ጥቂት ጊዜ ያልፋል፣ ከግጭቱ በፊት የነበረውም አይገኝም።

ሽቦውን ራሳችሁ የምትዘረጉ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። ከመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ውስጥ በብዙ መኪና ኤርባግ ተጣጥፎ አለ። ሽቦው ከኤርባጉ ፊት ካለፈ ኤርባጉ ሲፈነዳ ይዞት ይወረወራል፤ ከጀርባው ነው ማለፍ ያለበት። ከወንበር ሥር ቢጫ ማገናኛ ካያችሁ የኤርባግ ነውና አትንኩት። ይህን በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ለባለሙያ ከፍሎ ቢያሠራ ይሻለዋል።

ድምፅም ሌላ ነው። እኔ በአንድ ቀን ቨርጂንያን፣ ዲሲንና ሜሪላንድን እረግጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የግል ንግግርን ለመቅዳት ከተናጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ሜሪላንድ የሁሉንም ትጠይቃለች። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ዘግቼዋለሁ። ጀርመን ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ጠንቀቅ በሉ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በሜይ 2018 ያለማቋረጥ መቅዳት የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉን እንደሚጥስ፣ ቪዲዮው ግን በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ወስኗል።

ባለፈው ማርች አንድ ጠዋት ከፎቃችን በታች የሚኖሩት እትዬ በራችንን አንኳኩ። አዛውንት የሚንከባከቡ ሴት ናቸው፣ መኪና ከሌላቸው ሥራ የላቸውም። «የኔ ወንድም፣ ያንተ መኪና ካሜራ አላት አይደል?» አሉኝ። ኮሮላቸው ከእኔዋ ትይዩ ቆማ አድራ የኋላ በሯ ተጨፍልቋል። ካርዱን አብረን አየን። አንድ ትልቅ ፒክአፕ ወደ ኋላ ሲመጣ፣ ሲገጭ፣ ሾፌሩ ወርዶ በሩን አይቶ ተመልሶ ሲገባ፣ ከዚያም ሲሄድ ታርጋው ይነበባል። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

ቪዲዮውን ሳይቆራረጥ እንዳለ ለኢንሹራንሳቸው ላክንላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ከኢንሹራንሱ ደወሉ። የማቆሚያው ጠባቂ ድምፅ ሰማሁ ብሎ የመዘገበው በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር 2:52 ነው፣ የእኔ ካሜራ የሚያሳየው ደግሞ 1:52። የማርች ሁለተኛ እሁድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ተገፍቷል፤ የካሜራውን ሰዓት ያስተካከለለት ሰው አልነበረም። የካሜራውን ስክሪንና የስልኬን ሰዓት ጎን ለጎን ቀርጬ፣ ልዩነቱ ልክ አንድ ሰዓት መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፌ ፈርሜ ላክሁ። ተቀበሉት። በሦስተኛው ሳምንት የእትዬ በር ተቀየረ።