ዱልዱም ቢላ ለምን? ራስን የመከላከል ልምምድ በሸሪዓና በሕግ ዓይን



ካራቴ ወይም ቴኳንዶ የሚሠራ ወጣት ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ «ቢላ የያዘ ሰው ቢመጣብኝስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አደጋው ያለው መልሱን በምንፈልግበት መንገድ ላይ ነው። ከወጥ ቤት የመጣ ቢላ ወይም ከኪስ የወጣ ሴንጢ ይዞ ጓደኛ በጓደኛው ላይ ቢለማመድ፣ ለመከላከል የተጀመረው ትምህርት ራሱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ ያሉ አሰልጣኞች ዱልዱም የልምምድ ቢላ የሚጠቀሙት። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ጉዳዩ ከስፖርት ደንብም ያልፋል።

በኩልፎ አካባቢ ቢላ ለማንም እንግዳ ዕቃ አይደለም። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ፣ አርባ ምንጭን አልፎ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። በዚህ አገር ሙዝ የሚቆረጠው በገጀራ ነው፤ ከሐይቁ የወጣ ዓሣም በስል ቢላ ይበለታል። በዒደል አድሓ ኡድሒያችንን የምናርደውም በቢላ ነው። ይሁን እንጂ እጅ የለመደው ነገር አደጋው እየተረሳ ይሄዳል።

ስሉ ለዕርድ፣ ዱልዱሙ ለልምምድ

ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ነግረውናል። የሚያርድ ሰው ቢላውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍም አዘዋል። በዕርድ ጊዜ የቢላው ስል መሆን ለእንስሳው ርኅራኄ ነው። በልምምድ ጊዜ ግን ፊት ለፊታችን የቆመው ወንድማችን ነው፤ እዚያ ርኅራኄው ስለት አለመኖሩ ነው። ሁለቱም የአንድ ኢሕሳን መገለጫዎች ናቸው።

ስለታም ነገር ስለመያዝ የመጡት ሐዲሶችም በጣም ጥብቅ ናቸው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማንም በወንድሙ ላይ መሣሪያ እንዳይቀስር ከልክለዋል፤ ሸይጧን እጁን ሊያንቀሳቅሰውና እሳት ውስጥ ሊጥለው ይችላልና። በሌላ የሙስሊም ዘገባ፣ በወንድሙ ላይ ብረት የሚቀስርን ሰው እስኪተወው ድረስ መላእክት እንደሚረግሙት ተነግሯል፤ የሚቀሰርበት ሰው የእናትና የአባቱ ልጅ ቢሆንም እንኳ። ኢማሙ ነወዊ ይህን ሲያብራሩ ክልከላው ቀልድንም ምርንም እንደሚያጠቃልል ገልጸዋል። ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ጫፉን በእጁ እንዲይዝ፣ ከሰገባው የወጣ ሰይፍም ከእጅ ወደ እጅ እንዳይቀባበል መመሪያ ተሰጥቷል።

«ታዲያ መለማመድ ራሱ ክልክል ነው?» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። በዒድ ቀን ሐበሾች በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከእርሳቸው ጀርባ ሆነው መመልከታቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ሲሉም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተዋቸው ብለዋል። ሥልጠናና ጨዋታ ተፈቅዷል፤ የተከለከለው ወንድምን ለጉዳት ማጋለጥና ማስደንገጥ ነው።

ይህ ልዩነት ለዱልዱም ቢላም ይሠራል። ሁለቱም ተስማምተው፣ በአሰልጣኝ ፊት፣ መቁረጥ በማይችል ዕቃ ሲለማመዱ ጉዳቱም ድንጋጤውም ተወግዷል። ያንኑ የጎማ ቢላ ይዞ በዶርም በር ተደብቆ ጓደኛን ማስበርገግ ግን ሌላ ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ በአንድ ጉዞ ላይ ከሶሐቦች አንዱ ተኝቶ ሳለ ሌላው ገመዱን ሲወስድበት ደነገጠ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጡ እንደማይፈቀድ ተናገሩ። ያ ዕቃ መሣሪያ እንኳ አልነበረም፤ ገመድ ነበር።

ምን ዓይነት ቢላ?

የልምምድ ቢላ ከጎማ፣ ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ስለት ከሌለው አሉሚኒየም ይሠራል። የጃፓኑ አይኪዶ በእንጨት ጩቤ ይለማመዳል። ለጀማሪ የሚሻለው የሚታጠፍ ጎማ ነው። መግዣ ከጠፋ ለስላሳ እንጨት በቢላ መጠን ቀርጾ ጫፉን ማድቦልቦል፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያም በአሮጌ የብስክሌት ጎማ መጠቅለል ይቻላል። ቀለሙ ከሩቅ የሚለይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ይሁን።

እውነተኛ ቢላን በድንጋይ አደንዝዞ መጠቀም ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ጠርዙ ባይቆርጥም ጫፉ ይወጋል። ዱልዱም ማለትም የማይጎዳ ማለት አይደለም፤ የእንጨት ጫፍ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ፦

- ልምምዱ ሳይጀመር ሁሉም ኪሱንና ቦርሳውን ይፈትሽ፤ ስለት ያለው ነገር ከክፍሉ ይውጣ።
- የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረግ፤ ወደ ፊትና ወደ አንገት አይወጋ። በግጭት ጊዜ እንኳ ፊትን ከመምታት እንድንቆጠብ በሐዲስ ታዘናል።
- ከዝግታ ይጀመር፤ አንዱ «በቃ» ሲል ሌላው ወዲያው ይቁም።
- እህቶች ለብቻቸው በሴት አሰልጣኝ ይለማመዱ።
- ሲያበቃ የልምምዱ ቢላ ተቆጥሮ ይቀመጥ፤ በኪስ ተይዞ ወደ መንገድ አይወጣ።

ቢላው የሚያስተምረው

በዱልዱም ቢላ የሚሠራ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። የቢላው ጠርዝ ጠመኔ ወይም ከለር ይቀባል፤ ተከላካዩ ቀለሙ የሚታይበት ልብስ ይለብሳል። ለ10 ሰከንድ ያህል አንዱ ያጠቃል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይከላከላል። ከዚያ በልብሱ ላይ ያረፈው ምልክት ይቆጠራል። በፊልም ቢላ ሲነጠቅ ያየ ወጣት ክንዱና ሆዱ በቀለም ተሞልቶ ሲያገኘው ዝም ይላል። እያንዳንዱ ምልክት ቁስል ሊሆን ይችል ነበር።

በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ የነበረው ዴኒስ ቱለር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቢላ የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ያህል ርቀትን በ1.5 ሰከንድ ገደማ ሊሸፍን እንደሚችል አሳይቷል። ከሰውዬው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ከሆንን ጊዜ የለንም ማለት ነው።

ስለዚህ የመልካም ሥልጠና የመጀመሪያ ትምህርት መራቅ ነው። መውጫ በሩን ቀድሞ ማየት፣ ወንበር ወይም ቦርሳ በመካከል ማድረግ፣ መጮኽ፣ መሮጥ። እጅ መያዝና መጣል የሚመጣው መውጫ ሲጠፋ ብቻ ነው። የሚፈለገው ስልክ ወይም ገንዘብ ከሆነ መስጠት ውርደት አይደለም። ለንብረቱ ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ መሆኑ በሐዲስ መጥቷል፤ ሆኖም ለንብረት መከላከል በብዙኃኑ ፉቀሃእ ዘንድ የተፈቀደ እንጂ ግዴታ አይደለም።

የተወጋ ሰው ካለ ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጎ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል። ቢላው ተሰክቶ ከቀረ አይነቀል፤ ዙሪያውን ደግፎ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ሕጉና የድንበሩ መስመር

በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላን መከላከልን አይቀጣም። ነገር ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከሉም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ስላለፈ መከላከል ይናገራል። ፉቀሃእም አጥቂን ከቀላሉ መንገድ ጀምሮ መመለስ ይገባል ይላሉ፤ በጩኸት የሚመለስ በእጅ አይመታም፣ በእጅ የሚመለስ በመሣሪያ አይመታም። ሰውዬው ከሸሸ ወይም ቢላው ከእጁ ከወደቀ በኋላ የሚሰነዘር ምት መከላከል ሳይሆን በቀል ነው።

ይህን መስመር አርባ ምንጭ በዓይኗ አይታዋለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያና መፈናቀል ሲደርስ፣ የተቆጡ ወጣቶች በከተማዋ አደባባይ ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነ አይታለፍም፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሐዘናቸው እውነተኛ ነበር፤ ቁጣው ሊያርፍባቸው የነበሩት የከተማዋ ነዋሪዎች ግን በቡራዩ የተፈጸመውን ያደረጉ አልነበሩም። አላህም በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ፣ ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል።

ወላጆችና አሰልጣኞች እንግዲህ ልጆቹን ስታስተምሩ የእጅ ስልቱን ከዚህ አደብ አትለዩት። እውነተኛውን ቢላ ለሙዙ፣ ለዓሣውና ለኡድሒያው ተዉት። ዝርዝር የፊቅህ ጥያቄ ያለውም በአቅራቢያው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ወሏሁ አዕለም።