ቡና ለአእምሮ የሚሰጠውና የማይሰጠው

በደባርቅና በዳባት፥ በስሜንም ተራራ ግርጌ ባሉት መንደሮች፥ ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ ገብስ እንጂ ቡና አይበቅልም። ነገር ግን ቡናው ከወይና ደጋው አገር እየመጣ በየቤቱ ይቈላል፥ ይወቀጣል፥ ይፈላል። ሽታው ገና ሲያውድ ሰው የነቃ ይመስለዋል። እንግዲህ አእምሮን የሚያነቃው ሽታው ነውን ወይስ መጠጡ? መምህር ይህን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።

በቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃ ነገር ካፌይን ይባላል፤ እርሱንም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1819 ዓመት ሩንገ የሚባል የጀርመን ሊቅ ለይቶ አወጣው። ሰው ነቅቶ በሚውልበት ጊዜ አዴኖሲን የሚባል ነገር በአንጎሉ ጥቂት በጥቂት ይከማቻል፤ ወደ ማረፊያው በገባ ጊዜም የአንጎልን ሥራ አቀዝቅዞ እንቅልፍን ይጠራል። ካፌይን መልኩ እርሱን ስለሚመስል ቀድሞ በማረፊያው ይቀመጣል፥ ባለቤቱንም በደጅ ያስቀረዋል። ስለዚህ ድካሙ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም።

ሊቃውንት የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ ሲለኩ፥ ካፌይን በጠጣ ሰው አልፋ የሚባለው የዕረፍት ሞገድ ሲቀንስ አይተዋል። ያም ሰው ይነቃል፥ ለተጠየቀውም ፈጥኖ ይመልሳል። ነገር ግን ቍጥሮችን ለጥቂት ጊዜ በልብ ይዞ ለመደመር የሚያስችለው የትውስታ ኃይል በካፌይን የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ በአንዳንዱ ምርመራ ታየ፥ በሌላው ግን አልታየም።

ስለ ሽታው ግን፥ ካፌይን በራሱ ሽታ የለውም፥ በእንፋሎቱም ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። መዓዛው በአፍንጫ ነርቭ ወደ አንጎል ደርሶ የለመድነውን የቡና ሰዓት ስለሚያሳስበን ደስታና ንቃት ይሰማናል፤ ይህም ይልቁን የልማድ ሥራ ነው። የማገዶው ጭስ ግን ሳንባንና ዓይንን ይጎዳልና ሕፃናትን ከአጠገቡ ማራቅ ይገባል። የካፌይንን ዱቄት በአፍ እየነፉ መውሰድም ቢሆን ደኅና አይደለም፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ለሚሸጥ ነጋዴ፥ ዱቄቱ ወደ ሳንባ እንዳይገባ በመስጋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎለታል።

ካፌይን ከተጠጣ በኋላ 5 ሰዓት ያህል ቢያልፍ እንኳ እኩሌታው ገና በደም ውስጥ አለ። ስለዚህ ማታ አቦሉን ቶናውን የጠጣ ልጅ እንቅልፉን ያጣል፤ የተማረው ትምህርት በአእምሮው የሚጸናው ግን በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ደግሞ በእህል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ የብረት ማነስም ልጅን ያደክማል።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ ልጅ በትምህርት ቤት ቢያንቀላፋ ቡና ስጡት አትበሉ። ማታ ተኝቷልን? ጧት በልቷልን? ብላችሁ ወላጆቹን ጠይቁ። ቡናው ለአዋቂዎች በልክ ይሁን፤ ለልጅ ግን እንቅልፍና እህል ይቅደምለት።